ከፓዌ ሰፈራ እስከ ደባርቅ ግቢ፦ የግቢ ጉባኤ አነሣሥና ዕድገት

የአዲ አርቃይ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ ቤተሰቡ ሁለት ነገር ያዘጋጅለታል፤ ስንቅና ምክር። ስንቁ በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ቢገኝ ደግሞ ትንሽ ማር ነው። ምክሩ ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም፤ ከመጥፎ ጓደኛ ራቅ፣ ትምህርትህን ያዝ፣ ቤተ ክርስቲያን መሳም አትተው። ልጁ ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ ወይም ጎንደር ሊቀር ይችላል፤ ምደባው ራቅ ካለ ደግሞ ጅማ፣ ዲላ ወይም ጅግጅጋ ድረስ ይዘልቃል። ጥቂት ሰንብቶ ሲደውል "ግቢ ጉባኤ ገብቻለሁ" ይላል። እናት ደስ ይላታል። አባት ግን "ደግሞ እሱ ምንድን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። የአባትየው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱም ከአንድ ዐረፍተ ነገር በላይ ይፈልጋል።

በአጭሩ ግቢ ጉባኤ ማለት በዩኒቨርሲቲና በኮሌጅ ያሉ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጆች ከመደበኛው ትምህርታቸው ጎን ለጎን ሃይማኖታቸውን የሚማሩበት፣ የሚዘምሩበት፣ የታመመውን የሚጠይቁበት፣ የተቸገረውን የሚረዱበት የተማሪዎች ማኅበር ነው። ከበላይ ሆኖ የሚያስተባብረው ማኅበረ ቅዱሳን ሲሆን እሱም ራሱ በ1984 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የተመሠረተ ነው። ይህን ያህሉን ማንም የግቢ ተማሪ ይነግራችኋል። እንዴት እዚህ እንደደረሰ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው፤ ታሪኩም ከሚጠበቀው በላይ ጠመዝማዛ ነው።

ተማሪ ከቤቱ ርቆ ሲሰነብት ወንድም መፈለጉ የትም ያለ ነገር ነው። በአሜሪካ በግሪክ ፊደላት ስም የሚጠሩ የተማሪ ወንድማማች ማኅበራት አሉ፤ ለእነዚህ ሁሉ ቀደምት የሚባለው ፋይ ቤታ ካፓ እ.ኤ.አ. በ1776 በቨርጂኒያ በሚገኘው የዊልያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ ተቋቋመ። ለእኛ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን አልፋ ፋይ አልፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሰባት ጥቁር ተማሪዎች መሠረቱት። ቁጥራቸው ጥቂት፣ ዙሪያቸው ባይተዋር ስለነበር መጀመሪያ የተሰባሰቡት አብሮ ለማጥናትና ለመበረታታት ነበር። ማኅበሩ የተወለደው ከብቸኝነት ነው ማለት ይቻላል። የኛዎቹም እንዲሁ ናቸው፤ ልዩነቱ የኛዎቹ የማኅበርን አሠራር ከሌላ አገር መቅዳት ያላስፈለጋቸው መሆኑ ነው። ከቤታቸው ይዘውት መጥተዋል።

የጎንደር ገጠር ሰው የጽዋ ማኅበርን ማስረዳት አያስፈልገውም። በወር አንድ ቀን፣ በ12 ሚካኤል ወይም በ21 ማርያም፣ ማኅበርተኛው በተረኛው ቤት ይሰበሰባል። ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ቄሱ ይባርካሉ። የቀረ ሰው ምክንያቱን ይናገራል፤ ምክንያት የሌለው ይቀጣል። በመጨረሻ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል፤ እሱም ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከማኅበርተኛው አንዱ ቢታመም፣ ቢቸገር ወይም ቢሞት ሌሎቹ ይደርሱለታል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ማኅበሩ ቢሮ የለውም፣ ንብረቱም ከአንዲት ጽዋ ብዙም አይበልጥም፤ የሚያቆመው ተራው ብቻ ነው። ተራ ጠብቆ የሚተላለፍ ነገር ሰው ቢቀያየርም አይቋረጥም። በየአራትና በየአምስት ዓመቱ ሰዉ ሙሉ ለሙሉ ለሚለወጥበት የዩኒቨርሲቲ ግቢ ከዚህ የተሻለ አሠራር ማን ያመጣል?

ሌላም ምንጭ አለ፤ የአብነት ትምህርት ቤቱ። በዓታን በመሰሉ የአቋቋም ጉባኤ ቤቶቿ በታወቀችው ጎንደር የቆሎ ተማሪ ዛሬም አለ። አኮፋዳውን ይዞ ቁራሽ ለምኖ ይመጣል፣ ከጎጆ ጓደኞቹ ጋር ይካፈላል። የገፋው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽላል፤ መምህሩ ዘንድ የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነው። ነባሩ ለአዲሱ ማስተማር እንዳለበት የሚያምነው የግቢ ጉባኤ ልማድ የመጣው ከዚህ እንጂ ከዘመናዊው ትምህርት ቤት አይመስለኝም።

በዘመናዊው ትምህርት በኩል ያለው ታሪክ በሌላ መንገድ ነው የሄደው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተከትሎ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን ማሠልጠን ጀመረ። በአዲስ አበባው ኮሌጅ ተማሪዎቹ የሃይማኖተ አበው ማኅበርን አቋቁመው ነበር። በ1950ዎቹ ግን ግቢውን የያዘው ፖለቲካው ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. "መሬት ለአራሹ" ብለው ሰልፍ የወጡትን ተማሪዎች ከኋላ ሆኖ የገፋ "አዞዎቹ" የሚባል የምሥጢር ቡድን ነበር፤ ከአባላቱ አንዱ ኋላ በኢሕአፓ መሪነት የታወቀው ብርሃነ መስቀል ረዳ ነው። ወንድማማች ማኅበር በምሥጢር ቃል ኪዳን የሚታሰር ከሆነ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ለዚያ የሚቀርበው አዞዎቹ ናቸው። የእነሱ ዘመን ግን አጭር ነበር። አብዮቱ መጣ፣ በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር በተነ፣ ቀይ ሽብር ደግሞ የቀረውን አጨደ። ከዚያ በኋላ በግቢ ውስጥ "እንደራጅ" ማለት ሕይወትን ማስያዝ ሆነ።

እንግዲህ በ1970ዎቹ መጨረሻ የነበረውን ተማሪ አስቡት። ማርክሲዝም ሌኒኒዝም ግዴታ የሆነ ኮርስ ነው። የተማሪ ማኅበር በመንግሥት እጅ ነው። መስቀል በአንገት ማሰር ያስተዛዝባል፣ ቤተ ክርስቲያን መሳም ወደ ኋላ የቀረ ያሰኛል። ተማሪው የሚጸልየው ለብቻው፣ ብዙ ጊዜም ተደብቆ ነው። አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ የተኛው ልጅም እንደሱ እንደሚጸልይ አያውቅም። እነዚህን ተማሪዎች እርስ በርስ ያስተዋወቃቸው፣ የሚያስገርመው፣ ራሱ ደርግ ነው።

በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት መንግሥት ሕዝብ ከሰሜን አንሥቶ በመተከልና በጋምቤላ ማስፈር ያዘ። ለሰፋሪው ጎጆ እንዲሠሩ የተላኩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ናቸው። የመተከሉ ፓዌ ያኔ ቆላ ነው፣ ጫካ ነው፣ ወባ ነው። በግቢ ውስጥ በፋኩልቲና በዶርም ተከፋፍሎ የሚኖር ተማሪ እዚያ አንድ ድንኳን ውስጥ ያድራል፣ አንድ ላይ ሣር ያጭዳል፣ አንድ ላይ ይታመማል። ማን እንደሚጾም፣ ማን ከመተኛቱ በፊት እንደሚያማትብ ከዚህ በኋላ አይሸሸግም። የማኅበሩ ሰዎች የራሳቸውን ታሪክ ሲተርኩ ፓዌን የሚያነሡት ለዚህ ነው፤ እዚያ የተዋወቁት ተማሪዎች ሲመለሱ መሰባሰቡን አልተዉትም። የሰበሰባቸውም የሚያውቁት የጽዋው ወግ ነበር፤ እያንዳንዱ ስብስብ በአንድ ቅዱስ ስም ይጠራ ነበር።

ይሁን እንጂ ጽዋ መጠጣት ብቻውን ማስተማር አይደለም። የማስተማሩን ሥራ በዋነኛነት የያዙት ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ ካልዕ ናቸው። የሸዋ ሊቀ ጳጳስ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኒቱን ታሪክ የሚተርክ፣ እስካሁን የሚነበብ መጽሐፍ ጽፈዋል። በዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም ባቋቋሙት የካህናት ማሠልጠኛ በክረምት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ይቀበሉ ነበር። ምሕንድስና ወይም ሕክምና የሚማር ልጅ ክረምቱን ዝዋይ ወርዶ ዶግማ፣ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያንና ታሪክ ይማራል፤ መስከረም ሲጠባ ወደ ግቢው ተመልሶ ለጓደኞቹ ያካፍላል። አቡኑ በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ዐረፉ። ያስተማሯቸው ልጆች ግን በየኮሌጁ ነበሩ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ ሰው ምረጥ ብባል እሳቸውን እመርጣለሁ፤ መሰባሰብን ወደ ሥርዓት ያለው ትምህርት የለወጠ ሰው ባይኖር ኖሮ ጽዋዎቹ ምናልባት ከምረቃ በኋላ ይረሱ ነበር።

ሁለተኛው የደርግ "ውለታ" ብላቴ ነው። በ1983 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ መሐል አገር እየገፋ ሲመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለውትድርና ሥልጠና በያኔው ሲዳሞ ወደሚገኘው የብላቴ ማሠልጠኛ ወረዱ። የየኮሌጁ ተማሪ በአንድ ካምፕ ተገናኘ። በዝዋይ የተማሩት፣ በየግቢው ጽዋ የሚጠጡት፣ ከዚያም ቀደም በፓዌ የተጀመረውን የወረሱት እዚያ ተያዩ፤ በእረፍት ሰዓት እየተሰባሰቡ ጸለዩ፣ ተማማሩ። በግንቦት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው ሲወጡ ካምፑ ተበተነ። ከፊሉ ተማሪ በእግሩ ወደ ኬንያ ድንበር አቀና፣ ከፊሉ ወደ ቤቱ አመራ። ዩኒቨርሲቲው እንደገና ሲከፈት ግን የተመለሰው ተማሪ የሄደው ተማሪ አልነበረም፤ በሌላ ኮሌጅ ያሉ ወንድሞቹን ስማቸውን አውቆ መጥቷል።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። በልዩ ልዩ ቅዱሳን ስም የሚጠሩት ስብስቦች አንድ ለመሆን ወሰኑ። በማን ስም ይጠራ የሚለው ያከራከረ ጉዳይ ነበር፤ የሚካኤሉ የገብርኤሉን፣ የማርያሙ የተክለ ሃይማኖቱን እንዴት ይተው? ስሙን ያወጡት ብፁዕ አቡነ ገብርኤል እንደሆኑ ይነገራል፤ ሁሉንም ቅዱሳን በአንድነት የያዘ "ማኅበረ ቅዱሳን" የሚል ስም። በግንቦት 1984 ዓ.ም. ማኅበሩ በቤተ ክርስቲያኒቱ መዋቅር ሥር ሆኖ ሥራውን ጀመረ። ሐመር መጽሔትና ስምዐ ጽድቅ ጋዜጣ ተከተሉ፤ በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ቅዱስ ሲኖዶስ መተዳደሪያ ደንቡን አጸደቀለት።

ዕድገቱን ያፋጠነው በሁለት በኩል የመጣ ነገር ነው። አንደኛው የዩኒቨርሲቲዎች መብዛት ነው። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ አገሪቱ ከኤርትራ መለየት በኋላ የቀሯት ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ጎንደር በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ማራኪ፣ ቴዎድሮስ፣ ፋሲል እያለ ግቢውን አበዛ። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲጀምር ለአዲ አርቃይ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ማለት ከሊማሊሞ በላይ ያለ ጎረቤት ሆነ። በየአዲሱ ግቢ ነባር ጉባኤ አልነበረም፤ ቢሆንም ከሌላ ግቢ ተመርቆ በመምህርነት የተቀጠረ ወይም በአቅራቢያው ሆስፒታል የተመደበ አንድ የቀድሞ አባል አይጠፋም። እሱ ይጀምረዋል።

ሁለተኛው ይኸው የተመራቂዎች መበተን ነው። አንድ ሐኪም፣ አንድ የእርሻ ባለሙያ፣ አንድ የፊዚክስ መምህር ወረዳ ላይ ሲመደብ ማኅበሩን ይዞት ይሄዳል። ዋና ማእከል፣ ማእከላት፣ ወረዳ ማእከላት፣ ግቢ ጉባኤያት የሚለው መዋቅር በወረቀት ላይ የቢሮ ሰንሰለት ቢመስልም የሚንቀሳቀሰው በእነዚህ ደመወዝተኞች ጉልበትና ወርኃዊ መዋጮ ነው። በውጭ አገር ያሉትም በአውሮፓና በአሜሪካ የራሳቸው ማእከል አላቸው። ማኅበሩ የአብነት ትምህርት ቤቶችንና ገዳማትን ይረዳል፤ የአዲ አርቃይ ሰው ደጁ ያለውን ዋልድባን አስቦ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይረዳዋል። በ2004 ዓ.ም. የወልቃይት ስኳር ፕሮጀክት ከገዳሙ ይዞታ ጋር ተያይዞ ሲያነጋግር ማኅበሩ አጥኚ ቡድን ልኮ ነበር።

አሁን ወደ አባትየው ጥያቄ እንመለስ፤ ልጁ እዚያ ውስጥ የሚያደርገው ምንድን ነው? ከመግቢያው ሳምንት እንጀምር። ነባር ተማሪዎች አውቶቡስ መናኸሪያና በር ላይ ቆመው አዲስ ገቢዎችን ይቀበላሉ፤ ሻንጣ ይሸከማሉ፣ ሬጅስትራር የት እንደሆነ ያሳያሉ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ ለሌለው ያፈላልጋሉ። ከዚያ ልጁ "ቤተሰብ" ይደለደላል፤ ከበላይ ዓመት ያሉ ተማሪዎች እንደ ታላቅ ወንድምና እኅት ይሆኑታል። ጉባኤው ራሱ በሳምንት በተወሰኑ ምሽቶች ከግቢው አቅራቢያ ባለ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ይካሄዳል። ልጆቹ ከላይብረሪ ደብተራቸውን ይዘው፣ ነጠላቸውን ቦርሳ ውስጥ አጣጥፈው ይመጣሉ። በሩ ላይ ቦርሳው ይከፈታል፣ ነጠላው ይለበሳል። ጸሎት፣ መዝሙር፣ ትምህርት፣ ማስታወቂያ። ማስታወቂያው ላይ ጆሮ የሚያሰጥ ብዙ ነገር አለ፤ የታመመ ጓደኛ፣ አባቱ ያረፈበት ተማሪ፣ ለትራንስፖርት ያጠረው ልጅ፣ ለፈተና ሰሞን የተዘጋጀ ማስጠኛ፣ የውዳሴ ማርያም ዜማ ለሚማሩ የሰዓት ለውጥ።

ሥራው በክፍል የተከፋፈለ ነው፤ ትምህርት ክፍል፣ መዝሙር ክፍል፣ ሙያና በጎ አድራጎት፣ ሌሎችም። ሰብሳቢና ጸሐፊ የሚሆኑት ራሳቸው ተማሪዎች ናቸው። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ አጀንዳ ይይዛል፣ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል፣ ሒሳብ ያወራርዳል፤ ሲመረቅ ደግሞ መዝገቡን ለተተኪው አስረክቦ ይወጣል። የዐቢይ ጾም ሲመጣ ሌላው የግቢ ኑሮ ይታያል። ካፌው ምሳ የሚያወጣው በስድስት ሰዓት ነው፤ የሚጾመው ልጅ ድርሻውን በሳህን ተቀብሎ ዶርም ያስቀምጥና ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቀዘቀዘውን ሽሮ ከሌሎች ጿሚዎች ጋር ከብቦ ይበላል። ይህን ብቻውን ያደረገ ተማሪ ብዙ አይገፋበትም፤ አምስት ሆነው ሲያደርጉት ጾሙ ይጠናል። በምረቃ ጊዜ የአደራ መስቀል ይሰጣቸዋል፤ ስሙ እንደሚለው ነው፣ በተመደባችሁበት ከአገልግሎቱ አትራቁ የሚል አደራ ነው።

ጉባኤው ለምን ከግቢው ውጭ ባለ ቤተ ክርስቲያን እንደሚካሄድ ወላጆች ይጠይቃሉ። ሕጉ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ እንዲሆን ያዝዛል፤ የከፍተኛ ትምህርት አዋጆችም ይህንኑ ይከተላሉ። ተማሪው እምነቱን መያዝ ይችላል፤ የዩኒቨርሲቲውን አዳራሽ ግን የአምልኮ ቦታ ማድረግ አይችልም። በአለባበስና በጾም ምግብ ጉዳይ አልፎ አልፎ ክርክር ተነሥቷል፤ ሙስሊም ተማሪዎችም በጀመዓቸው፣ ፕሮቴስታንት ተማሪዎችም ኢቫሱ በተባለው ማኅበራቸው በኩል ተመሳሳይ ጥያቄ አንሥተዋል። በአንድ ዶርም የሚያድሩ ልጆች በምሽት በሦስት አቅጣጫ ተበትነው ከአራት ሰዓት በፊት ተመልሰው አንድ ክፍል ይተኛሉ። እኔ ይህን መለያየት አልለውም፤ ጥሩ ጎረቤትነት የሚለመደው እንዲህ ነው።

ማኅበሩ ያለ ወቀሳ አላደገም። ከካህናቱ ወገን "የተማሩ ምእመናን ሳይሾሙ ሊያዙን ይፈልጋሉ" የሚሉ ነበሩ፤ ከመንበረ ፓትርያርኩ አመራር ጋር የተካረረባቸው ዓመታት አሉ፤ መንግሥትም በፖለቲካ ዓይን ያየው ጊዜ አለ። አንዳንዱ ወቀሳ መሠረት የለውም ብዬ አልደመድምም። በራሱ አሠራር የሚተማመን ድርጅት የሌላውን ድምፅ ለመስማት ይዘገያል፤ የጽዋ ማኅበርተኛ ሁሉ ያውቀዋል። የግቢ ጉባኤ ኃይልም ሆነ ድክመት ያለው እዚያው ነው፤ አዲስ ገቢውን በእጅጉ ይንከባከባል፣ ከክበቡ ውጭ ያለውን ግን አንዳንድ ጊዜ አያየውም። ልጃችሁ ግቢ ጉባኤ መግባቱ መልካም ነው፤ ከሌላ እምነትና ከሌላ ብሔር ያለውን የዶርም ጓደኛውንም እንዲያውቅ ብትነግሩት ጉባኤው አይቃወማችሁም።

አንድ ጉዳይ ቀርቷል። በፓዌ የነበሩት ዛሬ በስድሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ናቸው፤ በብላቴ የነበሩትም ከሃምሳ አልፈዋል። በጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ጽዋ የጠጡ ተማሪዎች ዛሬ ሐኪሞችና ጡረተኞች ናቸው፤ ያደረጉት ነገር አብዛኛው ያለው በቃል ነው። የዚያን ዘመን ቃለ ጉባኤ፣ ፎቶግራፍ ወይም የማኅበርተኞች ዝርዝር ሳጥናችሁ ውስጥ ያላችሁ ቅጂውን ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ወይም ለማኅበሩ ማእከል ስጡ፤ በፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ስምና ዓመተ ምሕረቱን ከጀርባው መጻፍ አትርሱ።